ሙሴ የቆረጠው ሐዲድ

ደወሉ የወደቀ ቀን ሁሉም ሰው ሳቀ፤ ያልሳቀው ሙሴ ብቻ ነበር።

ደወል ከተባለ ነው እንግዲህ! በታቦር ተራራ ግርጌ ያለው የድንጋይ ማምረቻ ሐዲድ ሲዘረጋ ተርፎ የተቆረጠ፣ ክንድ የሚያህል ብረት ነው። ሙሴ አናቱ ላይ ቀለበት በየደለት፣ በሽቦ ከግቢው ግራር ላይ ተንጠለጠለ፣ ዘበኛው ጋሽ ጠሀ ጠዋት፣ ምሳ ሰዓትና ማታ በመዶሻ ይሉታል። ድምፁ ግን፣ እውነት ለመናገር፣ ያምር ነበር። መሃል ከተማ ያሉ ጋሪ ነጂዎች ሳይቀሩ ሰዓት የሚያውቁት በእሱ ነው። የዚያን ዕለት ጠዋት ጋሽ ጠሀ ገና አንዴ ሲመቱት ከቀለበቱ ተገንጥሎ ዱብ አለና የጫማቸውን አፍንጫ ለጥቂት ሳተው። "ያ አላህ!" ብለው ወደ ኋላ ሲዘሉ ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

"ጋሽ ጠሀ፣ ጡረታ ይውጡ ብሎ እኮ ነው!" አለች አንዷ።

ታቢታም ከሳቁት አንዷ ነች። ከታች ሆነው ከፉርጎ ድንጋይ ከሚያራግፉት ሴቶች ጋር ነው የምትሠራው፤ ሙሴ፣ የድርጅቱ በያጅ፣ ባሏ ነው። ሳቋን ሳትጨርስ ባሏን አየችው። የወደቀውን ብረት አንስቶ ስብራቱን ወደ ፀሐይ አዙሮ ያያል። ከንፈሩ አመድ መስሏል።

ማታ ራት ቀርቦ ሙሴ እጁን አልዘረጋም።

"አንተ ሰው፣ ደወል ወደቀ ተብሎ እንዲህ ይኮናል እንዴ?" አለችው።

ከኪሱ ቁራጭ ሽቦ አወጣና ወዲያና ወዲህ ያጣጥፈው ጀመር። "እይ፤ አንዴ ቢታጠፍ ምንም አይለውም። ሁለቴ ቢታጠፍም ምንም አይለውም። ውስጡ ግን እየደከመ ነው።" ሽቦው ቀጭ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። "ደወሉ እንዲህ ነው የሄደው። ስብራቱን አየሁት፤ ግማሹ ጥቁር ዝገት፣ ግማሹ አዲስ የሚያብረቀርቅ። ጥቁሩ ቆይቷል ማለት ነው። ጋሽ ጠሀ በመቱት ቁጥር ትንሽ በትንሽ ሲሰነጠቅ ከርሞ፣ ዛሬ የቀረችው ቀጭኗ አቃታት።"

"ታዲያ ሌላ ቀለበት ትበይዳለህ፤ አለቀ።"

"ታቢታ፣ የሐዲዱን መጋጠሚያ ሁሉ የበየድኩት በዚያው የብየዳ ዘንግ፣ በዚያው ሰሞን ነው።"

ታቢታ ክው አለች። ሐዲዱ ማለት ከተራራው ወገብ፣ ድንጋዩ ከሚፈነቀልበት፣ እስከ ታች መፍጫው ድረስ ቁልቁል የተዘረጋው ነው። ኩማ የሚባለው የዊንች ሠራተኛ ከላይ ሆኖ ድንጋይ የሞላውን ፉርጎ በገመድ ይዞ ያወርደዋል። ታች ቆሞ የሚቀበለው ማን ነው? እሷና ጓደኞቿ ናቸው። ሐዲዱ መሃል ላይ ቢለቅ ያ ሁሉ ድንጋይ የሚወርደው በእነሱ አናት ላይ ነው።

ሐዲድ በደንቡ በሰሌዳና በብሎን ነው የሚጋጠመው። ብሎኑ ይመጣል ይመጣል ተብሎ ሳይመጣ ቀረ፤ የድርጅቱ ካድሬ ጓድ በኃይሉ "ዕቅድ ብሎን አይጠብቅም!" አለ፤ ኢንጂነር ኃይለጊዮርጊስም ራሱን እየነቀነቀ "በል በይደው" አለ። የሐዲድ ብረት ግን ኮስታራ ነው፤ ከመበየዱ በፊት በደንብ መሞቅ፣ ከተበየደ በኋላም ቀስ ብሎ መቀዝቀዝ ይፈልጋል። ይህን ኢንጂነሩም ያውቃል፣ ሙሴም ያውቃል። ሰሞኑ ዝናብ፣ ሥራው ጥድፊያ፣ ማን ያሙቅ! እንዲሁ ተበየደ፣ ተመረቀ፣ ተጨበጨበ።

"በቃ ሄደህ ንገራቸው" አለች ታቢታ።

"አሰፋን ረሳሽው?"

አልረሳችውም። መካኒኩ አሰፋ "ይህ ሞተር ድምፁ ተቀይሯል" ብሎ ተናገረ፤ ሞተሩ ሲቃጠል "አስቀድመህ እንዴት አወቅህ?" ብለው የኢኮኖሚ አሻጥር ለጠፉበትና ወሰዱት። ይኸው እስከ ዛሬ የት እንዳለ ሚስቱ አታውቅም። ሙሴ ደግሞ ቤተ ክርስቲያኑ የታሸገበት ጴንጤ ነው፤ ጓድ በኃይሉ ባየው ቁጥር "ጸሎት እንዴት ነው?" እያለ ይቀልድበታል። ቀልዱ ደስ አይልም።

በማግስቱ ሠራተኛ ሳይገባ ባልና ሚስት ሐዲዱን ይዘው ሽቅብ ወጡ። ሙሴ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በላምባ ያብሳል፣ ያደርቃል፣ ከዚያ ጠመኔ ይቀባዋል። ስንጥቅ ካለ ውስጡ የገባው ላምባ ተመልሶ ይወጣና ጠመኔው ላይ ያስታውቃል። አንዱ ነጭ ሆኖ ቀረ፤ ሌላውም ነጭ። ታቢታ "ተመስገን" ማለት ስትጀምር ሐዲዱ የሚታጠፍበት ቦታ ደረሱ። እዚያ ያለው መጋጠሚያ ላይ፣ በነጩ ጠመኔ መሃል፣ ፀጉር የምታህል ጥቁር መስመር ቀስ እያለች ወጣች። ከሐዲዱ ግርጌ እስከ ወገቡ ድረስ ሄዳለች።

ሙሴ በቀጥታ ወደ ኢንጂነሩ ቢሮ ገባ። ታቢታ በር ላይ ቆመች፤ የቆርቆሮ ግድግዳ ደግሞ ምን ይደብቃል?

"ሙሴ፣ ድምፅህን ቀንስ" ይላል ኢንጂነሩ። "አልጠፋኝም እኮ። እኔ ስንት ሌሊት እንቅልፍ ያጣሁ ይመስልሃል? ግን ለጓድ በኃይሉ ምን ልበለው? ያለ ብሎን አስበየድኩ ልበል? ፊርማው የእኔ፣ ብየዳው የአንተ። አብረን ነው የምንሄደው።"

"ታች ያሉት ሴቶች ናቸው ኢንጂነር።"

"አውቃለሁ። የአብዮት በዓል እስኪያልፍ ነው። ጭነቱን አስቀንሳለሁ፤ በመስከረም በጸጥታ እንቀይረዋለን።"

ጭነቱ መቼ ቀነሰ! አሥረኛው የአብዮት በዓል እየቀረበ ነው፣ ዕቅዱ ሞልቶ መትረፍ አለበት። ጓድ በኃይሉ ራሱ ከላይ ቆሞ "ጨምር! ክምር አድርገው!" እያለ ያስጭን ጀመር። ሙሴ ምሳ አልበላ፣ ማታ አልተኛ። ፉርጎው በወረደ ቁጥር መታጠፊያዋ ጋ ሲደርስ ታቢታ ትንፋሿን ትይዛለች፤ ሲያልፍ ትተነፍሳለች። እንዲህ ሆኖ ይኖራል እንዴ ሰው!

ቅዳሜ ዘመቻ ተጠራ። የየቀበሌው ሴቶች፣ ያረገዘች ያዘለች ሳይባል፣ አካፋና ዘንቢል ይዘው ሜዳውን ሞሉት። ከላይ ፉርጎው እስከ አፉ ተከምሯል። ታቢታ ባሏን በዓይኗ ስትፈልግ አጣችው። ቀና ስትል፣ በጠራራ ፀሐይ፣ መታጠፊያዋ ላይ ሰማያዊ እሳት ብልጭ አለ።

ሙሴ በጋዝ ሐዲዱን እየቆረጠ ነው።

"ኧረ ሰውዬው አበደ!" አለች አንዷ። ታቢታ ግን ገባት። ኩማ ከላይ እሳቱን አይቶ ዊንቹን ቀጥ አደረገ። ሙሴ ከብየዳው ወዲህ ቆረጠ፣ ከብየዳው ወዲያ ቆረጠ፤ ብየዳውን ራሱን ግን አልነካውም። ማስረጃው እንዳይቀልጥ ነው። ከዚያ እሳቱን አጥፍቶ፣ እጁን ዘርግቶ ቆመ።

ጓድ በኃይሉ ሽጉጡን በእጁ ይዞ እያለከለከ ደረሰ። "እጅ ከፍንጅ! በሕዝብ ፊት፣ በቀን!"

"ተሰንጥቋል ጓድ። ይህን ጭኖ ቢያልፍ ታች ያለው ሰው ያልቅ ነበር። ብረቱን እዩት" አለ ሙሴ።

የተቆረጠው ብረት ጥቀርሻ ለብሶ መሬት ላይ ይጨሳል። በኃይሉ ወደ ኢንጂነሩ ዞረ። "ኢንጂነር፣ ስንጥቅ ይታይሃል?"

ታቢታ ሽቅብ ሮጣ እዚያ ደርሳለች። ኢንጂነር ኃይለጊዮርጊስ ጎንበስ ብሎ ብረቱን አየ። ብዙ አየው። መነጽሩን አወለቀ፣ አደረገ። ሽጉጡንም አየው።

"አይታየኝም" አለ።

ወይ ጉድ! ታቢታ ያን ሰዓት መሬት ብትከፈት ደስ ባላት። ሙሴ ግን ኢንጂነሩን አልሰደበውም፤ አንገቱን ደፍቶ እጁን ለመታሰር አቀረበ። በኃይሉም ንግግር አደረገ፤ ሲጨርስ ብረቱን በእግሩ ገፋ አደረገና "ደወል ወድቆብን የለም? ይህን ስቀሉት! አሻጥረኛ የቆረጠው ሐዲድ ጠዋት ማታ ይጩህብን፣ ለሁላችን ማስጠንቀቂያ ይሁን!" አለ። ተጨበጨበ። ምን ይደረግ፣ ታቢታም አጨበጨበች።

ጋሽ ጠሀ ብረቱን ሰቀሉት። ጫፉ ላይ ብሎን ሊገባበት ተበስቶ ብሎን ያላየ ቀዳዳ አለ፤ ሽቦውን በእሱ አሳለፉ። ሰኞ ጠዋት መቱት።

ድው።

"ምንድን ነው ይሄ?" አሉ ጋሽ ጠሀ። ደግመው መቱት። ድው። የጭቃ ግድግዳ የመቱ ነው የሚመስለው። ሰው ሁሉ ወደ ሥራው ሲሄድ ታቢታ ቆማ ቀረች። ሙሴ ሁልጊዜ ብረት ከመሥራቱ በፊት በመዶሻ ኳ አድርጎ ያዳምጣል፤ "ጤነኛ ብረት ይዘፍናል፣ የታመመ ይደነቁራል" ይላታል። ስንጥቁ እዚያ ውስጥ አለ። ዓይን ባያየው ጆሮ ሰማው።

"ጋሽ ጠሀ" አለች ቀረብ ብላ። "ጠንከር አድርገው ይምቱት።"

"ለምን ልጄ?"

"ምንም። ጠንከር አድርገው ብቻ።"

ሽማግሌው አዩዋት። ያን የመጀመሪያ ደወል ከእግራቸው ሥር ያነሳው ሙሴ መሆኑን፣ ስብራቱን ሲያይ ፊቱ ምን እንደሆነ፣ እሳቸውም አይተዋል። በማግስቱ ትንሿን መዶሻ ትተው ድንጋይ የሚፈለጥበትን ትልቁን ይዘው መጡ።

ሐዲዱ ደግሞ ተጠገነ! ከሻሸመኔ ሌላ በያጅ አመጡና አዲስ ብረት በአሮጌው ላይ እንደገና በየዱ። ሌሎቹ መጋጠሚያዎች እንዳሉ ናቸው። ፉርጎው ተመልሶ ይወርዳል፣ ሴቶቹም ከሥሩ ይቆማሉ። ታቢታ አሁን ሁለት ነገር ትሰማለች፤ ጠዋት የደወሉን ድው ድው፣ ቀን የፉርጎውን ጉርርታ። ከሁለቱ አንዱ መሰበሩ አይቀርም። ደወሉ ከቀደመ የቆየው ስንጥቅ ለሁሉም ይታያል፣ ባሏም ጓደኞቿም ይተርፋሉ፤ ሐዲዱ ከቀደመ ግን እሷም ለመመስከር አትተርፍ ይሆናል። "ጌታዬ ሆይ፣ ደወሉን አስቀድም" እያለች ትጸልያለች። እንዲህ ያለ ጸሎት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ?

በምሳ ሰዓት ለሙሴ ስንቅ ይዛ ፖሊስ ጣቢያ ትሄዳለች። አያገናኟትም፤ ሳህኑ ባዶውን ሲመለስ በሕይወት እንዳለ ታውቃለች። ክረምቱ በርትቶ፣ የጣቢያው ወለል ሲሚንቶ ነውና፣ ከእናቷ የወረሰችውን ወፍራም ጋቢ ላከችለት። አንድ ቀን በሩ ላይ ያለው ፖሊስ፣ ሰው የማይጠላ ሰው ነው፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ ከበዓሉ በኋላ ወደ አዲስ አበባ ይላካል ሲባል ሰምቻለሁ" አላት። አሰፋም ወደ አዲስ አበባ ነበር የተላከው። ታቢታ እንዴት ወደ ሥራ እንደተመለሰች አታውቅም። ለጋሽ ጠሀ ነገረቻቸው።

"አላህ ያውቃል" አሉ፤ ምራቃቸውን እጃቸው ላይ እንትፍ ብለው መዶሻውን አጥብቀው ያዙ። የዚያን ቀን ማታ ደወሉን ሲቀጠቅጡት ጓድ በኃይሉ ከቢሮ ወጣ።

"አንቱ ሽማግሌ! ምን ሆነው ነው እንዲህ የሚወግሩት?"

"አይሰማም እኮ ጓድ። ድምፁ ሞቷል። እኔ ካልጠነከርኩ ማስጠንቀቂያው ለማን ይደርሳል?"

በኃይሉ ወደ ቢሮው ተመለሰ፤ ስቀሉት ያለው ራሱ ነው።

ኢንጂነሩስ? ኃይለጊዮርጊስ ደወሉ ሲመታ ከቢሮው መውጣት ትቷል። ከስቷል። ታቢታ በመንገዱ ስታልፍ ሰላምታ አትሰጠውም፤ በሆዷ ግን "አይታየኝም! ዓይንህ ይጥፋ!" ትለዋለች። ይህን ያለችበት ቀን ማታ ንስሐ ትገባለች፣ ጠዋት ደግሞ እንደገና ትለዋለች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል የበዓሉ ዝግጅት ስብሰባ ተጠራ። ሠራተኛው በሙሉ ግራሩ ሥር ተሰበሰበ፤ ኢንጂነሩም ግድ ሆኖበት መጣና ከጓድ በኃይሉ ጎን ቆመ። ከላይ ኩማ ፉርጎውን አስጭኖ የደወል ምልክት ይጠብቃል፤ ዛሬ ከስብሰባው መክፈቻ ጋር የዕቅዱ ማሟያ ጭነት በጭብጨባ ሊወርድ ነው። ከወትሮው በላይ ተከምሯል። በኃይሉ እጁን አነሳ።

"ይደወል!"

ጋሽ ጠሀ "ቢስሚላህ" ብለው መዶሻውን ከትከሻቸው በላይ አወጡት። አንድ። ድው። ሁለት። ድው። ታቢታ ጥርሷን ነክሳለች። ሦስተኛው ላይ ብረቱ የሆነ የማያውቁት ድምፅ አሰማ፤ ግማሹ ሽቦው ላይ ቀርቶ ግማሹ መሬት ላይ ተፈጠፈጠ።

ማንም አልሳቀም። ስብራቱ ወደ ሰማይ ተገልብጦ ተኝቷል። ሁሉም ያየዋል፤ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ጥቁር፣ ዳር ላይ ብቻ ጥፍር የምታህል ነጭ።

"ደግሞ ይህ የማን ሥራ ነው!" ብሎ ጮኸ በኃይሉ። "ዝናብ ላይ የተሰቀለ ብረት ይዝጋል፣ ምን ይገርማል? አንሱልኝ ከዚህ!"

አንድ ሠራተኛ ሊያነሳው ጎንበስ ሲል ታቢታ ቀደመችው። ከባድ ነው፣ ደረቷ ላይ አቅፋ ብድግ አደረገችው። ወደ በኃይሉ አልሄደችም። ኢንጂነሩ ፊት ቆመችና ብረቱን ክንዱ ላይ አስቀመጠችው።

"ኢንጂነር፣ አሁንስ ይታይዎታል?" አለች።

ኃይለጊዮርጊስ ስብራቱን አየው። ጣቱን አምጥቶ ጥቁሩ ላይ አሳለፈው፤ ጣቱ ወዛ። አሸተተው። ቀና ሲል ዓይኖቹ እንባ ሞልተዋል።

"ይታየኛል" አለ። ከዚያ ጮክ ብሎ "ይህ የፉርጎው ቅባት ነው! ግራር ላይ የተሰቀለ ደወል የፉርጎ ቅባት ከየት ይነካዋል? ሐዲዱ ላይ እያለ ነው የተሰነጠቀው፤ ሙሴ ሳይቆርጠው በፊት! ያን ቀንም አይቼዋለሁ። ያለ ብሎን በይድ ያልኩትም እኔ ነኝ" አለ።

በኃይሉ ፊቱ ቲማቲም መሰለ። ኢንጂነሩ ግን እሱን አላየውም፤ ሽቅብ ወደ ተራራው ነው የሚያየው። ኩማ ደወሉን ሰምቶ ዊንቹን ለቋል፤ ፉርጎው ተነስቷል።

"አቁም! ኩማ፣ አቁም በል!" ድምፁ ግን የታፈነ ነው፣ አልደረሰም። ደወል ደግሞ የለም፤ ደወሉ ተሰብሯል። ጋሽ ጠሀ መዶሻቸውን ወርውረው ሁለት እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው በዚያ ዕድሜያቸው ሲጣሩ ታቦር አስተጋባ። ሴቶቹ ተከተሏቸው። መቶ ሴት "ኩማ!" ብላ ስትጮህ ማን አይሰማም? ፉርጎው መታጠፊያዋ ጋ ሳይደርስ ተንገጫግጮ ቆመ። በኋላ ሲታይ ከመታጠፊያዋ በታች ያለውም፣ ያኔ ነጭ ሆኖ የቀረው መጋጠሚያ ተሰንጥቆ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ተገኘ። ታቢታ መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

ሙሴን ለመልቀቅ ጊዜ ወሰዱ፤ በዓሉም አለፈ፣ መስቀልም አለፈ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል ባለው የጭቃ መንገድ ብቻውን እየተራመደ ሲመጣ ታቢታ ከደጅ አየችው። ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ፣ በሸሚዝ ብቻ፣ ዝናብ እየመታው። ዘላ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች።

"ሐዲዱስ?" አላት መጀመሪያ።

"ነቅለውታል። ብሎኑ መጣ።"

"ሰው ተጎዳ?"

"ማንም። ማንም አልተጎዳ።"

ራሱን ትከሻዋ ላይ ጣለና እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ቤት አስገብታ እግሩን አጠበችው፣ እሳት አቀጣጠለች። በመጨረሻ ነው ልብ ያለችው።

"ጋቢህስ? የእናቴን ጋቢ የት ጣልከው?"

ሙሴ እጁን ወደ እሳቱ ዘረጋ። "እኔ ስወጣ እሱን ሲያስገቡት በር ላይ ተገናኘን። ፊርማው የእሱ ነው አይደል። በሸሚዝ ነው የያዙት። ሲሚንቶው ደግሞ ታውቂያለሽ..."

"ለኢንጂነሩ ሰጠኸው?"

"ሰጠሁት።"

ታቢታ ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች፤ ሰውዬው እዚህ ከተማ ዘመድ የለውም፣ ሚስትም የለውም። በማግስቱ ምሳ ሰዓት ያንኑ ሳህን በዚያው ጨርቅ ቋጥራ ጣቢያው በር ላይ ቆመች። ፖሊሱ አይቷት ተደናገጠ።

"አንቺ፣ ባልሽ ወጥቶልሽ የለም እንዴ? አሁን ደግሞ ለማን ነው?"

"ለኃይለጊዮርጊስ።"

"ምንሽ ነው?"

ታቢታ ሳህኑን አቀበለችው።

"ወንድሜ ነው" አለች።